የመምህራን ሬጅመንት

በመምህራን ማኅበር መታሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ የአንድ ጦር ታሪክ ምን ሥራ አለው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር መልሱ አጭር ነው፤ ይህ ጦር የመምህራን ጦር ነበረ። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው፣ ከኢሊኖይ ግዛት የዘመተው 33ኛው የወዶ ዘማቾች እግረኛ ሬጅመንት ከአዛዡ ጀምሮ እስከ ተራው ወታደር ድረስ ብዙ መምህራንንና የመምህርነት ተማሪዎችን የያዘ ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ ከቁጥሩ ይልቅ «የመምህራን ሬጅመንት» በሚለው ስም ያውቀው ነበር። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሬጅመንቱ መሥራች ቻርልስ ሆቪ በቨርሞንት ተወልደው በዳርትመዝ ኮሌጅ የተማሩ፣ ኋላም በፒዮሪያ ከተማ ትምህርት ቤት ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። በ1857 የኢሊኖይ የመምህራን ማሠልጠኛ ዩኒቨርሲቲ በብሉሚንግተን ከተማ አጠገብ ሲቋቋም የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ። የከተማው ሰዎች ለትምህርት ቤቱ የገቡትን የገንዘብ ዋስትና ውል ያረቀቁት ጠበቃም አብርሃም ሊንከን ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ እኚሁ ጠበቃ ፕሬዚዳንት ሆነው ወዶ ዘማቾችን ሲጠሩ፣ ሆቪ ተማሪዎቻቸውን በትምህርት ቤቱ ሜዳ የሰልፍ ልምምድ ያሠለጥኑ ጀመር። በሐምሌ 1861 የፌዴራሉ ጦር ቡል ረን ላይ ድል ሲሆን ጦርነቱ በጥቂት ወራት ያበቃል የሚለው ተስፋ ተነነ። በመስከረም መጀመሪያም ሬጅመንቱ በስፕሪንግፊልድ አጠገብ ካምፕ በትለር በተባለው ሰፈር ለሦስት ዓመት አገልግሎት ተመዘገበ፤ ሆቪም ኮሎኔል ሆኑ።

የተማረ ሰው የበዛበት ጦር ከሌሎቹ ወታደሮች ቀልድ አላመለጠም። የ33ኛው ወታደር ትእዛዙ በሰዋስው ሕግ ካልተነገረው አይታዘዝም ይሉት ነበር። ከዚያ ሬጅመንት በአእምሮ ድካም የተሰናበተ ሰው በሌላው ሬጅመንት መኰንን ይሆናል የሚል ቀልድም ነበረ። ሰዋስው የሚያስተምር ሁሉ በዚህ ሳይስቅ አይቀርም።

የመጀመሪያው ፈተና ግን ቀልድ አልነበረም። በሚዙሪ ግዛት የብረት ማዕድን የሚመላለስበትን የባቡር መስመር ሲጠብቁ፣ በጥቅምት 15 ቀን 1861 በቢግ ሪቨር ድልድይ ላይ የነበረው ጓድ በደቡቦቹ ጦር ተከቦ ተማረከ፤ ድልድዩም ተቃጠለ። ምርኮኞቹ በምርኮኛ ልውውጥ እስኪፈቱ ድረስ ዳግመኛ ላይዋጉ ቃላቸውን ሰጥተው ተለቀቁ። በዚያ ዘመን የሰው ቃል ይህን ያህል ይታመን ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ ሬጅመንቱ በፍሬድሪክታውን ውጊያ ከድል አድራጊዎቹ ወገን ነበር። በሐምሌ 1862 ደግሞ በአርካንሶ ግዛት፣ በካሽ ወንዝ አጠገብ፣ ሆቪ ጥቂት መቶ ሰዎችን ይዘው ሲጓዙ የቴክሳስ ፈረሰኞች በድንገት ገጠሟቸው፤ ከ11ኛው ዊስኮንሲን ሬጅመንትና ከኢንዲያና ፈረሰኞች ጋር ሆነው መለሷቸው።

ከዚያ በኋላ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በሄለና ሰፈሩ። ከጥይት ይልቅ ወባና ተቅማጥ የበረታባቸው እዚያ ነው። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗ የታወቀው በምዕቱ መጨረሻ ላይ ስለ ሆነ፣ የዚያ ዘመን ሐኪሞች ክፉ አየር እያሉ ረግረጉን ይረግሙ ነበር፤ ኪኒን ቢኖራቸውም የሚጠጣው ውሃ ከሰፈሩ እድፍ ጋር የተቀላቀለ ነበረ። ሬጅመንቱ በአገልግሎቱ ሁሉ ከ300 በላይ ሰው ሲያጣ፣ ከአምስቱ አራት ያህሉን የገደለው በሽታ ነው። ስለ ጦርነቱ የሚጻፉ መጻሕፍት በውጊያ ሥዕል ተሞልተው ለዚህ ጥቂት መስመር ብቻ መስጠታቸው ለእኔ አይዋጥልኝም።

በ1863 የጸደይ ወራት በጄኔራል ግራንት ሥር ሆነው በፖርት ጊብሰን፣ በቻምፒየን ሂል፣ በቢግ ብላክ ወንዝ ድልድይ ተዋግተው ቪክስበርግ ደረሱ። ግንቦት 22 ቀን የፌዴራሉ ጦር በሙሉ በከተማው ምሽግ ላይ ተወረወረ፤ 33ኛውም በባቡሩ ሐዲድ አቅጣጫ ከተላኩት መካከል ነበር። ጥቃቱ ከሸፈ፤ በዚያ አንድ ቀን ከ3,000 በላይ የፌዴራል ወታደሮች ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ጠፉ። ከዚያ ወዲያ ጠብመንጃውን አስቀምጦ አካፋ ማንሳት ሆነ። ጉድጓድ እየቈፈሩ ወደ ምሽጉ ቀረቡ፤ ሐምሌ 4 ቀን ረኀብ ያደከመው ከተማ እጁን ሰጠ።

ሆቪ በዚያ ጊዜ ከሬጅመንቱ ጋር አልነበሩም። በ1862 ብርጋዴር ጄኔራል ተብለው ተሹመው፣ በጥር 1863 በአርካንሶ ፖስት ቈስለው ነበር፤ ሴኔቱ ግን ሹመታቸውን ስላላጸደቀው በመጋቢት ከማዕርጋቸው ወረዱ። ወደ ማስተማርም አልተመለሱም፤ በዋሽንግተን ጠበቃ ሆነው ኖረው በ1897 ሞቱ። ትምህርት ቤታቸው በ1862 በተተኩት በሪቻርድ ኤድዋርድስ እጅ በረታ። የሆቪን መሄድ ከሚያወድሱት ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ አራት ዓመት ብቻ ለሆነው ትምህርት ቤት መሥራቹን፣ መምህራኑንና ወንዶች ተማሪዎቹን ባንድ ጊዜ ማጣት ቀላል አልነበረም። ሆኖም ተማሪውን ዝመት ብሎ እርሱ ቤት የቀረ መምህር ይሻል ነበር ለማለትም አልደፍርም።

ከሬጅመንቱ መኰንኖች ጁሊያን ብራያንት፣ የባለቅኔው የዊልያም ከለን ብራያንት የወንድም ልጅ፣ በ1863 ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች ወደሚዋጉበት ጦር ተዛወሩ። በዚያው ዓመት ወታደሮቻቸው የጦር ትምህርት ሳያገኙ ለቍፋሮና ለሸክም ብቻ መዋላቸውን በመቃወም አቤቱታ ጻፉ። ኮሎኔል እስከ መሆን ደርሰው በግንቦት 1865 በቴክሳስ ባሕር ዳር ሰምጠው ሞቱ።

በ1864 መግቢያ ብዙዎቹ ወታደሮች በቴክሳስ ሳሉ እንደ ገና ለአገልግሎት ፈረሙ። በመጋቢት 1865 በሉዊዚያና፣ በቡቲ ጣቢያ አጠገብ፣ የሚጓዙበት ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ሰዎች ሞቱ፤ ከ70 በላይም ቈሰሉ። ከዚያ በሞቢል አጠገብ በስፓኒሽ ፎርት ከበባ ተሳተፉ። ጦርነቱ በሚያዝያ አበቃ ቢባልም ድል በሆነው አገር ጸጥታ ለማስከበር ሰባት ወር ያህል ቈዩ፤ የተሰናበቱትም በኅዳር 24 ቀን 1865፣ ከሁለት ዓመት በፊት በአካፋ በከበቧት በቪክስበርግ ነው።