የእንጦጦ ማገዶና የባሕር ማዶ ዘይት

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ዘውድ በጫኑበት ዘመን፣ የተራራው ጥድና ወይራ ለአዳራሽ ምሰሶ፣ ለብዙ ሠራዊትም ማገዶ እየሆነ ይመናመን ነበር፤ ከተማው ወደ ፍል ውሃ ከወረደ በኋላም የእንጨት እጦት እጅግ ስለ ጸና፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሕንፃ እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ርእሰ ከተማችንን በቦታዋ ካጸኗት ነገሮች ዋነኛው፣ ተቆርጦ ከጉቶው ዳግመኛ የሚያቆጠቁጠው፣ መገኛው አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው።

የምድር ዘይት ግን ወደብ ያሻዋል። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲደርስ ለላምባውም ለቤንዚኑም መንገድ ተከፈተ፤ በ1959 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ፤ ኤርትራ ከተለየች በኋላ ማጣሪያው በ1989 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣም ኢትዮጵያ ፊቷን ወደ ጅቡቲ አዞረች።

በዚህ ሁሉ የመንግሥታት ውል መካከል የድኻው ምድጃ እንጦጦን አልተወም። ጎብጠው ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው በሽሮ ሜዳ ቁልቁለት የሚወርዱት እናቶች ከማናቸውም የዘይት ነጋዴ የማያንሱ የከተማዋ ባለውለታዎች ሲሆኑ፣ ስለ ንጉሡና ስለ ሐዲዱ በሰፊው የሚጽፉ ሊቃውንት የእነርሱን ድካም በአንድ መስመር ማለፋቸው እጅግ ያሳዝነኛል፤ ሸክማቸው አንዳንድ ጊዜ ከገዛ ክብደታቸው የሚስተካከል ሲሆን፣ የደን ጠባቂ ያገኛቸው እንደ ሆነ ያንኑም ይነጠቁ ነበር።