አሮጌ ጊታር ሲጠገን የሚተርፈው ምንድን ነው?

ጊታር ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ደረቱ ዝርግ፣ መካከሉ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለውን ነው። ከጃዝ ሙዚቃ ጋር አብሮ ያደገው ግን ሌላ ዓይነት ነበር። አርችቶፕ የሚባለው ይህ ጊታር ደረቱ እንደ ቫዮሊን ተጠርቦ ጎበጥ ያለ ሲሆን፣ በክብ ቀዳዳ ፈንታ ግራና ቀኝ ጠመዝማዛ ቀዳዳዎች አሉት። ዛሬ ዕድሜ ጠገብ የሆኑት አርችቶፖች ወደ ጠጋኝ እጅ ሲገቡ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ የሚታደሰው እንጨቱ ብቻ ነው ወይስ ታሪኩም ጭምር?

ጊታርንና ማንዶሊንን እንደ ቫዮሊን ጠርቦ የመሥራትን ጥበብ ያስፋፋው በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት፣ በካላማዙ ከተማ የነበረው ኦርቪል ጊብሰን ነው። በስሙ የተጠራው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1902 ተቋቋመ። በ1922 ደግሞ በሎይድ ሎር ዘመን ኤል-5 የተባለው ጊታር ወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ በመለከትና በሳክስፎን መካከል የተቀመጠ የጊታር ድምፅ ይዋጥ ነበር። በአርችቶፕ ላይ አውታሮቹን የሚሸከመው ድልድይ በሙጫ አይጣበቅም፤ ልክ እንደ በገና በርኩማ በአውታሮቹ ጫና ብቻ ተይዞ ይቆማል። ጫናው ወደ ጎበጠው ደረት ሲተላለፍ ድምፁ ጠርቶና ፈጥኖ ይወጣል። ፍሬዲ ግሪን ከ1937 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1987 ድረስ፣ በካውንት ቤሲ ባንድ ውስጥ ምቱን የጠበቀው በዚህ ዓይነት ጊታር ነበር። በ1936 ጊብሰን ማግኔት ያለው ድምፅ ማንሻ የተገጠመለትን ኢኤስ-150 አወጣ። ቻርሊ ክርስቲያንም በ1939 ከቤኒ ጉድማን ጋር ሆኖ ጊታርን ከአጃቢነት ወደ ብቸኛ ተጫዋችነት አሻገረው። እንግዲህ አርችቶፕ ያለ ኤሌክትሪክ ለመሰማት ተሠርቶ በኤሌክትሪክ የተሻገረ የድንበር ላይ መሣሪያ ነው።

የናይሮቢ ጊታር ታሪክ በሌላ መንገድ የመጣ ቢሆንም እርሱም ይኸንኑ ድንበር አቋርጧል። በ1952 ሂዩ ትሬሲ ድምፁን የቀረጸለት ኮንጓዊው ዣን ቦስኮ ምዌንዳ በ1950ዎቹ መጨረሻ ናይሮቢ ተቀምጦ በራዲዮ ይጫወት ነበር፤ በጣት የመምታት ስልቱም የኬንያን ወጣቶች ማረከ። በምዕራብ ኬንያ ጆርጅ ሙካቢ ኦሙቲቦ የተባለውን ስልት አስፋፋ። በዚህ ስልት አንዱ ጊታር ሲመታ ሌላው የለስላሳ ጠርሙስ እያንኳኳ ያጅባል። ያለ ኤሌክትሪክ የሚመታውን ጊታር ኬንያውያን «ደረቅ ጊታር» ይሉታል። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ በ1960ዎቹ፣ ፋዲሊ ዊልያምና ዳውዲ ካባካ የነበሩበት ኢኳተር ሳውንድ ባንድ በኤሌክትሪክ ጊታር ትዊስት ያስጨፍር ጀመር። የካባካ «ሄሉሌ ሄሉሌ» የተሰኘ ዜማም በ1968 ትሬሜሎስ በተባለ የእንግሊዝ ባንድ ተጫውቶ ባሕር ተሻገረ።

ይሁንና ከዚያ ዘመን የቀረልን መዝገብ ጎደሎ ነው። ለዚህ «ማላይካ» በቂ ምስክር ነው። ዘፈኑን ፋዲሊ ዊልያም አስቀርጾት፣ በ1965 ሚርያም ማኬባና ሃሪ ቤላፎንቴ በጋራ ባወጡት አልበም ውስጥ ገብቶ፣ በዓለም ዙሪያ ተዘፍኗል። የደራሲው ማንነት ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ አዳም ሳሊምን የመሰሉ ሌሎች ሰዎችም «የእኔ ነው» ብለዋል። ዘፈን በወቅቱ በአግባቡ ካልተመዘገበ ባለቤቱ እንዲህ አጠያያቂ ይሆናል።

የጊታርም ዕጣ ከዚህ አይለይም። በአሮጌ አርችቶፕ ላይ የሚታየው ጭረት፣ አውራ ጣት ያሳሳው የአንገት ቀለም፣ ኋላ የተበሳ የድምፅ ማንሻ ቀዳዳ፣ ይህ ሁሉ የተጫዋቾቹ ፊርማ ነው። ቫርኒሹን ልጦ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ ጠጋኝ ፊርማውን ይሰርዛል፤ በሰብሳቢዎች ዘንድም ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል። አስተዋይ ጠጋኝ ግን ለድምፁና ለጤንነቱ አስፈላጊ የሆነውን ብቻ ይነካል። ደረቱ በአውታሮቹ ጫና ሰምጦ ከሆነ ከውስጥ ያሉትን የድጋፍ እንጨቶች ይጠግናል። ከእንስሳት ቆዳ የሚነጠረው የጥንቱ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚላቀቅ፣ በእርሱ የተጣበቀ ሥራ ነገ በሌላ እጅ ሊታረም ይችላል። የጣት መከላከያው ከሴሉሎይድ የተሠራ ከሆነ ሲያረጅ እየተሰነጣጠቀ በአጠገቡ ያለውን ብረት የሚያዝግ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ተነሥቶ ለብቻው መቀመጥ አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን አየሩ ይታሰብበት። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ ከወበቃማዋ ሞምባሳ የሚመጣ እንጨት እዚህ በደረቁ ወራት ሊሸማቀቅና ሊሰነጠቅ ይችላል። የማሲንቆ ቆዳ በእርጥበት ሲላላ እሳት የሚያሞቁት የአገራችን አዝማሪዎች ለዚህ ዕውቀት እንግዳ አይደሉም።

ስለዚህ ጥገና ሁለት ሥራ ነው። አንዱ የእጅ ሥራ ሲሆን ሁለተኛው የብዕር ነው፤ ምን እንደ ተገኘ፣ ምን እንደ ተለወጠ፣ ማን ይጫወትበት እንደ ነበር መጻፍ ነው። በናይሮቢ ቤቶች ውስጥ አሮጌ ጊታር ወይም ከአገር ቤት የመጣ ክራር ያለው ሰው ይህን ወረቀት ከመሣሪያው ጋር በአንድ ሣጥን ቢያኖር፣ «ማላይካ» ያጣችውን ምስክር ለልጆቹ ያቆያል። እንጨቱን ጠጋኝ ያድነዋል፤ ታሪኩን የሚያድነው ግን ባለቤቱ ነው።