ጠላ በግብዣ ማዕድ

ጠላ በግብዣ ማዕድ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ባለው ደጋ፣ በተለይም በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ አካባቢ፣ በቤት የሚጠመቀው የገብስ ጠላ ከድግስ ምግብ ጋር የሚቀርብበት ልማድ ነው። በዚህ ልማድ ለየምግቡ የተለየ መጠጥ አይመረጥም። አንዱ ድፍድፍ እንደ ዕድሜው፣ እንደ ተጨመረበት ውሃና እንደ አጠላለሉ ቀጭን ወይም ወፍራም፣ ለስላሳ ወይም ኃይለኛ ጠላ ይሰጣል፤ ጠማቂዋ ደግሞ ጠላው የሚደርስበትን ቀን ከድግሱ ቀን ጋር ታገናኛለች። ስለዚህ የግብዣው ዝግጅት የሚጀመረው ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጌሾው ከሚነከርበት ቀን ነው።

አካባቢውና እህሉ

አምባ ጊዮርጊስ የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን ሲቀጠል ዳባት፣ ቀጥሎም የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ የሆነችው ደባርቅ ይገኛሉ። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሦስቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያሉ ደጋዎች ናቸው። ለዚህ ከፍታ ዋነኛው እህል ገብስ ነው፤ ስንዴ፣ ባቄላና ድንችም ይመረታሉ። ከደባርቅ ወጥቶ የሊማሊሞን ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ ግን ወደ ቆላው ስለሚገባ ማሽላ ያገኛል፤ በቆላ የሚጠመቀው ጠላም እህሉን ተከትሎ ይለወጣል።

በደጋው ቆሎው፣ በሶው፣ ዳቦውና አብዛኛው እንጀራ ከገብስ ይሠራል፤ የጠላው ብቅልና አሻሮም ገብስ ነው። የሚበላውና የሚጠጣው ከአንድ አውድማ መውጣቱ ለጣዕሙ መስማማት የመጀመሪያው ምክንያት ነው።

አጠማመቅ

ጋኑ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ይታጠባል፤ ከዚያም በወይራ እንጨት ይታጠናል። የወይራው ጢስ ጋኑን ከማጽዳት አልፎ ለጠላው መዓዛ ይሰጣል። የጠመቃው ደረጃዎች በአብዛኛው የሚከተሉት ናቸው፦

ብቅል፦ ገብሱ በውሃ ይነከርና በቅጠል ተሸፍኖ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል። ሲበቅል በፀሐይ ይደርቅና ይፈጫል። በመብቀል ጊዜ የሚፈጠሩት ኢንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣሉ።

ጥንስስ፦ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውሃ ተነክሮ ጥቂት ቀናት ይቆያል። ከዚያ ብቅሉና የተቆራረሰ ቂጣ ይጨመሩበታል።

ድፍድፍ፦ የተቆላና የተፈጨ አሻሮ ከጌሾ እንጨት ጋር ይገባና ሁሉም ወፍራም ሆኖ ይብላላል። አሻሮው በጣም ከተቆላ ጠላው ይጠቁራል፤ ለዘብ ብሎ ከተቆላ ይቀላል።

ጠላ፦ ድፍድፉ በውሃ ይበጠበጥና የጋኑ አፍ ይመረጋል። ከሁለት ቀን በኋላ ጠላው መደርደርና መጠለል ይጀምራል።

ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለውጠው እርሾ ነው። ኮምጣጣነቱን የሚሰጡት ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ደጋው ብርዳማ በመሆኑ መብላላቱ ከቆላው ይዘገያል፤ በመሆኑም ጠማቂዋ ጋኑን ከምድጃው አጠገብ ታኖራለች ወይም ቀኑን ታራዝማለች። የወሩን 23ኛ ቀን የጊዮርጊስ ማኅበር ለመደገስ ተረኛ የሆነች ሴት ጌሾዋን ወሩ በገባ በ10ኛው ቀን ገደማ ትነክራለች። ቶሎ የተከፈተ ጠላ ይጎሽና ሆድ ይነፋል፤ የዘገየው አየር ሲያገኘው ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ ወጡ የቱንም ያህል ቢያምር ድግሱ የሚነቀፈው በጠላው ነው።

ከአንድ ድፍድፍ የሚገኙ ጠላዎች

ጉሽ፦ ገና ያልጠለለ፣ ዝቃጩ ያልወረደ ጠላ ነው። ወፍራም ስለሆነ እንደ ምግብም ያጠግባል።

የጠለለ ጠላ፦ ለእንግዳ የሚቀርበው ዋናው ጠላ ነው። የአልኮል መጠኑ ብዙ ጊዜ ከመቶ 2 እስከ 4 እጅ ይሆናል።

ፊልተር፦ ውሃ ሳይበዛበት በጨርቅ የሚጣራ ጠላ ሲሆን ከመቶ 5 እስከ 6 እጅ አልኮል ሊደርስ ይችላል።

ቅራሪ፦ ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ በቀረው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚገኝ ቀጭን ጠላ ነው። ለልጆች፣ ለአዛውንትና ለጥም ማርኪያ ይሰጣል።

ከእነዚህ ሌላ የጎንደር አካባቢ ኮረፌ የሚባል የገብስና የጌሾ መጠጥ አለው። የኮረፌ ድፍድፍ ለወራት ሊቀመጥ ይችላል፤ ሲፈለግ ጥቂት ተወስዶ ውሃ ይጨመርበትና አንድ ቀን አድሮ ይጠጣል። ቀኑ ያልታወቀ እንግዳ ለሚመጣበት ቤት ይህ መጠጥ ይመቻል። አልኮል ለማይጠጡ ሙስሊሞችና ሌሎች እንግዶች ደግሞ ያለ ጌሾ ከተቆላ ገብስ የሚሠራው ቀሪቦ ይቀርባል። በመጨረሻ የሚቀረው አተላ ለከብት ይሰጣል።

የማዕዱ ቅደም ተከተል

በዳስ በሚደረግ ድግስ ሳህን እየተነሣ ሌላ ሳህን አይተካም። እንጀራው ከተዘረጋ በኋላ አሳላፊዎች ወጡን በየተራ እያመጡ ይጨልፉበታል፤ ቀጂው ከኋላ ኋላ እየተከተለ ዋንጫውን ይሞላል። ተራው በአብዛኛው እንደሚከተለው ነው።

መጀመሪያ እጅ ይታጠባል፤ ካህን ማዕዱን ይባርካል፤ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል። ከዳቦው ጋር የሚቀርበው የመጀመሪያው ዋንጫ የጠለለ ጠላ ነው። ዳቦው ጣፋጭ ወጥ ወይም ቅመም ስለሌለው እንግዳው የጌሾውን ምሬትና የወይራውን ጢስ ለይቶ የሚቀምሰው በዚህ ጊዜ ነው፤ ጠላው የሚመሰገነውም ሆነ የሚታማው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ዓልጫ ይመጣል። ዓልጫ በርበሬ የሌለው፣ በእርድና በቅቤ የሚሠራ ለስላሳ ወጥ ነው። ኃይለኛ ፊልተር ይሸፍነዋል፤ ቀለል ያለ ጠላ ግን ቅቤውን ከምላስ ላይ ያነሣል።

ከዓልጫው በኋላ ቀይ ወጥና ዶሮ ወጥ ይከተላሉ። በብዙ ሽንኩርት፣ በበርበሬና በቅቤ ስለሚሠሩ ብዙ የሚያስጠጡት እነዚህ ናቸው። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ስለሚያጎላ እዚህ ላይ የሚስማማው ለስላሳው ጠላ ነው፤ ወጡ በጣም ካቃጠለ ቅራሪ ይጠየቃል።

ከዚያ ጥብስና ጥሬ ሥጋ በአዋዜ ይቀርባሉ። በእሳት የተጠበሰው ሥጋ ከአሻሮው ቁላትና ከጋኑ ጢስ ጋር ስለሚገጥም ጠቆር ያለው ጠላ ወይም ፊልተር ለዚህ ይቆያል። አቅም ያለው ቤት ለጥሬ ሥጋ ጠጅ ያወጣል።

መጨረሻ ላይ ማዕዱ ይነሣና ቆሎ፣ አረቄና ቡና ይቀርባሉ። ጠላው ግን አይቋረጥም፤ ጨዋታው እስኪያበቃ ይቀዳል።

በጾም ቀን

ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም እንደ ዐቢይ ጾም ባሉት ረጅም አጽዋማት ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ አይበሉም። ጠላ ከእህልና ከቅጠል ብቻ ስለሚሠራ የጾም ማዕድ ላይ ይገባል፤ ሆኖም የጾሙ ሰዓት እስኪያበቃ ድረስ እህልም ጠላም አይቀመስም። ቅቤው ሲቀር ማዕዱን የሚሞሉት ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ድንች፣ የባቄላ ስልጆና ተልባ ናቸው። ስልጆ ራሱ የቦካና ሰናፍጭ ያለበት በመሆኑ ኮምጠጥ ካለ ጠላ ጋር ሲገናኝ ኮምጣጣው ይደራረባል፤ ስለዚህ ለጾም ድግስ ጠላው ጎምዘዝ ከማለቱ በፊት፣ ገብስ ገብስ እያለ እንዲቀርብ ይፈለጋል። የሽሮና የምስር ወፍራምነት ደግሞ ጌሾው በርከት ያለበትን ጠላ ይችላል።

ጣዕሙ የሚስማማበት ምክንያት

ጠላን ከምግብ ጋር የሚያስማሙት ነገሮች አራት ናቸው። አንደኛው የጌሾ ምሬት ነው፤ በፋብሪካ ቢራ የሆፕን ቦታ ይዞ የቅቤንና የሥጋ ስብን ቅባትነት ይቀንሳል። ሁለተኛው ኮምጣጣነቱ ነው፤ ሎሚ እንደሚያደርገው አፍን ያጸዳል፣ ከእንጀራው እርሾ ጋርም ይዛመዳል። ሦስተኛው የተቆላው አሻሮና ጢሱ ነው። አራተኛው የአልኮሉና የጋዙ ማነስ ነው፤ ብዙ ጋዝ ያለው መጠጥ በበርበሬ የተቆጣን ምላስ የበለጠ ይወጋል።

በአውሮፓና በአሜሪካ በአነስተኛ ጠማቂዎች የሚሠራው ክራፍት ቢራ ከምግብ ጋር ሲጣመር የሚከተለው ደንብም ከዚህ አይርቅም፤ ከቀላሉ ወደ ኃይለኛው መሄድ፣ የተጠበሰን ከተቆላ ጋር ማገናኘት፣ ቅባትን በምሬት መቁረጥ ይመከራል። የቤልጂጉ ላምቢክ በአየር ላይ ባለ እርሾና ባክቴሪያ ስለሚብላላ በኮምጣጣነቱ ለጠላ ይቀርባል። የጀርመን ከተማ ባምበርግ የጢስ ቢራ ደግሞ ጢሱን የሚያገኘው ከብቅሉ ሲሆን ጠላ የሚያገኘው ከዕቃው ነው። ዋናው ልዩነት በውጭ አገሩ እራት ለየምግቡ የተለያዩ ጠማቂዎች ቢራ ሲመረጥ፣ በደጋው ግን ሁሉም ከአንዲት ሴት ጋኖች መቀዳቱ ነው።

ቀጂና ጠማቂ

ጠላ የሚጠምቁት ሴቶች ናቸው፤ በትልቅ ድግስ ጎረቤቶችና ዘመዶች ብቅሉን በማብቀል፣ ጌሾውን በመውቀጥና ውሃ በመቅዳት ይረዳሉ። በማዕዱ ላይ የሚቀዳው ብዙ ጊዜ ወንድ ነው። ቀጂው ለእንግዳ ከማቅረቡ በፊት ይቀምሳል፤ ለማን ከየትኛው ጋን እንደሚቀዳ፣ መቼ ወደ ኃይለኛው እንደሚዞርና ማን መቆም እንዳለበት የሚወስነውም እሱ ነው። ጠላ ከሠርግና ከተዝካር ሌላ በሰንበቴ፣ በጽዋ ማኅበርና በደቦ ሥራ ላይ ይቀርባል። በማኅበር የዕለቱ ማዕድ ሲያበቃ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ይረከባል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጠመቃው ኃላፊነት የእሱ ቤት ነው።

የፋብሪካ ቢራና ለውጡ

በ2000 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የጎንደሩ ዳሽን ቢራ ፋብሪካ ስሙን የወሰደው ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከራስ ዳሽን ተራራ ነው። በጎንደር የብቅል ፋብሪካም አለ። በዚህም የደጋው ገብስ በሁለት መንገድ ወደ ማዕዱ ሊመለስ ችሏል፤ በጋን ጠላ ሆኖ ወይም በጠርሙስ ቢራ ሆኖ። በከተማ ሠርግ ቢራው ለክብር እንግዳ፣ ጠላው ለሌላው ሰው መቅረቡ የተለመደ ሲሆን፣ ቀድሞ በጠጅና በጠላ መካከል የነበረው የማዕረግ ልዩነት በዚህ መልክ ቀጥሏል።

ቢራ ለመጥመቅ የሚወስደውን የሁለት ሳምንት ድካም ከቤቱ ሴቶች ላይ ያነሣል፤ የሚገዛበት ገንዘብ ግን ከጎተራ አይወጣም። የሸክላ ጋንም በብዙ ቤት በፕላስቲክ በርሜል እየተተካ ነው። በርሜሉ አይሰበርም፤ ሆኖም እንደ ጋን በወይራ ሊታጠን ስለማይችል ጠላው ጢሱን ያጣል። ጢሱን ያጣ ጠላ ከወጡ ጋር ቢስማማም፣ ከጥብሱ ጋር ያገናኘው የነበረውን ዝምድና አብሮ ያጣል።