ሕያው ወይስ ፈጣን?
ወገኖች ሆይ፣ «ኩዊክ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ዛሬ የምናውቀው «ፈጣን» በሚለው ትርጉሙ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን «ሕያው» ማለት ነበር። ሜርኩሪ በዚሁ ቃል «ሕያው ብር» መባሉ፣ ከጥፍር ሥር ያለው ለስላሳ ሥጋም በዚሁ ስም መጠራቱ ከዚያ የቀረ ነው። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስም በዕብራውያን 4፥12 የእግዚአብሔርን ቃል በዚሁ ቃል ገልጦታል፤ የእኛ አማርኛ «ሕያው» ይላል። ሕይወት ያለው ይንቀሳቀሳልና ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ ፍጥነት ዞረ፤ ሕያውነቱም ተረሳ።

እኛስ? ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ስንሮጥ ሩጫውን ሕይወት ብለነው ይሆን? ዛሬ ሳንቸኩል በቃሉ ፊት እንቀመጥ፤ ሕያዋን የሚያደርገን እርሱ ነውና።