ፒኑን የሚያቆመው ማነው?

የሞጣ ልጅ ነኝ። ቦውሊንግ የሚባለውን ጨዋታ በዓይኔ ያየሁት አዲስ አበባ ከገባሁ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። አንድ ወዳጄ ከባድ ኳስ አስጨብጦኝ «እንዳትወረውር፣ አንከባልላት!» አለኝ። አንከባለልኳት። ከ18 ሜትር ወዲያ በሦስት ማዕዘን ከተደረደሩት 10 ጠርሙስ መሰል ፒኖች አራቱ ወደቁ። ወዲያው አንድ ማሽን ከላይ ወርዶ የቆሙትን አንጠልጥሎ አነሣ፤ የወደቁትን ጠራርጎ ወሰደ።

«ማሽኑ ሳይመጣ በፊት ማን ነበር የሚያቆማቸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አንተ ደግሞ! መጥተህ ተጫወት እንጂ እሱ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ሳቀብኝ።

ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1895 ኒው ዮርክ ላይ ሲመሠረት ጨዋታው አንድ ወጥ ደንብ አገኘ። በ1845 የተቋቋመው፣ በቢሊያርድ ጠረጴዛ ስሙን የተከለው ብራንዝዊክ ኩባንያም ኳሱንና ፒኑን እያመረተ ከበረ። ፒኑን የሚያቆሙት ግን ልጆች ነበሩ። ከመጫወቻው ጫፍ ተሸሽገው፣ ኳስ ሲመጣ እግራቸውን ሰብስበው፣ ሲያልፍ ዘለው ወርደው ፒኑን ይደረድራሉ፤ ኳሱንም ወደ ተጫዋቹ ይመልሳሉ። ሊዊስ ሃይን የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በ1909 እና በ1910 እነዚህን ልጆች በውድቅት ሌሊት በሥራ ላይ እንዳሉ አንሥቷቸዋል። ፎቶግራፎቹ የሕፃናትን ጉልበት ብዝበዛ ለሚቃወሙ ሰዎች ማስረጃ ሆኑ።

ልጆቹን የተካቸው ማሽን ከትምባሆ ፋብሪካ መሣሪያ ሠሪ መጣ። በ1900 የተቋቋመው ኤ ኤም ኤፍ ፒን የሚያቆመውን ማሽኑን በ1946 ለሕዝብ አሳየ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያም ገበያ አወጣው። ብራንዝዊክ ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። ከዚያ ወዲህ ተጫዋቹ ከፊት ለፊቱ የሚያየው የአንዱን ዘውድ ወይም የሌላውን ሦስት ማዕዘን አርማ ሆነ።

በእኛ አካባቢስ? ኤርትራ ከ1952 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሕዳ ሳለች፣ አሥመራ ውስጥ ቃኘው የተባለ የአሜሪካ ጦር ሠፈር ነበር። በከተማው ያለው የቦውሊንግ አዳራሽም ለእነዚያ ወታደሮች መዝናኛ እንደ ተሠራ ይነገራል። የአዳራሹን ባለቀለም መስኮቶች የሥነ ሕንፃ መጻሕፍት ያደንቃሉ። አሥመራም በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። አሜሪካ ውስጥ ልጆቹ በማሽን ከተተኩ ከብዙ ዘመን በኋላ ግን፣ በዚህ አዳራሽ ፒኑን የሚያቆመው የሰው እጅ ነበር። መስኮቱ በመጽሐፍ ሲሰፍር የፒን ደርዳሪዎቹ ስም አልሰፈረም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ለምን ከነከነኝ? ከሞጣ ወዲያ፣ ዓባይ ላይ፣ በፋሲል ዘመን የተሠራ ድልድይ አለን። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተቆርጦ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ በኋላ መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲያና ወዲህ የቆሙ ሰዎች እየጎተቱት ገደሉን ይሻገር ነበር። አባቴ እንደዚያ ተንጠልጥሎ ሲሻገር ልጅ ሆኜ ትንፋሼን ይዤ አይቻለሁ።

ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ የገመድ ጎታቾቹን ፎቶግራፍ በ2001 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አይቶ መጣ፤ በ2002 ድልድዩ ተጠገነ። ጥገናውን በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 በብረት ገመድ የተንጠለጠለ አዲስ ድልድይ ተሠራ።

ያሠራውን ንጉሥ እናውቃለን፤ ያስጠገነውንም እናውቃለን። ከስድሳ ዓመት በላይ ሰው በክንዳቸው ያሻገሩትንስ? ማሽን ሲመጣ ልጆቹ፣ ድልድዩ ሲጠገን ጎታቾቹ ወደየቤታቸው ገቡ። ማንም ከዚያ ሥራ ስላረፈ አላዝንም፤ ሕፃን በእኩለ ሌሊት ፒን ከሚያቆም ማሽን ያቁም፤ አባቴም በድልድይ ይሻገር። የሚያሳዝነኝ የእነሱ ስም አለመጻፉ ነው።

ከጎታቾቹ መካከል በሕይወት ያሉ ይኖራሉ። ሞጣ ስሄድ ደብተር ይዤ ነው የምሄደው። መጀመሪያ የምጠይቀው አባቴን ይሆናል፤ ያን ቀን ገመዱን ማን እንደያዘለት አይረሳም።