ጠመንጃ የሌለው የካምፕ አለቃ

የጦር ሰፈር ሲባል ቶሎ የሚታየን ታንክና ወታደር ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ አምስት ሺህ ወታደር አንድ በረሃ ላይ ሲሰፍር በቀን ሦስቴ ይበላል፣ ይታጠባል፣ (ይቅርታ ይደረግልኝና) ሽንት ቤት ይሄዳል። ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ቆሻሻው ይጠረጋል፣ የተበላሸ ቧንቧ ይጠገናል። ይህንን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ብዙ ጊዜ ወታደር አይደለም። በኛ ከተማ ቋንቋ «የሳይት ኃላፊ» የምንለው ዓይነት ሰው ነው፤ ሄልሜት የደፋ፣ ሁለት ስልክ የያዘ፣ ነዳጅ አለቀ ሲሉት የሚጮህ። ደሞዙን የሚከፍለው ኩባንያ ነው። የሚያገለግለው ግን ጦር ነው።

የዛሬው ጽሑፍ ስለዚህ ሰውና ስለሚያዛቸው ሠራተኞች ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ እየቀያየርን ራሳችንን አናድክም።)

ከዌክ ደሴት እንጀምር። ዌክ በሰላማዊ ውቅያኖስ መሃል፣ በሃዋይና በጉዋም መካከል ያለች፣ ስፋቷ 7 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ቁራሽ መሬት ናት። በጥር 1941 የአሜሪካ ባሕር ኃይል እዚያ የአውሮፕላንና የሰርጓጅ መርከብ ሰፈር ማስገንባት ጀመረ። ሥራው ለተጣመሩ የግል ኩባንያዎች ተሰጠ። የዌክ ድርሻ የደረሰው ሁቨር ግድብን ከሠሩት ኩባንያዎች አንዱ ለነበረው ለሞሪሰን ክኑድሰን ነው። የሳይቱ ኃላፊ ዳን ቲተርስ ይባል ነበር። በሥሩ ከ1,100 በላይ አናጺ፣ ኦፕሬተር፣ መካኒክና ምግብ አብሳይ ነበረው፤ አብዛኞቹ ከአይዳሆና ከሌሎች የምዕራብ አሜሪካ ግዛቶች የመጡ፣ ኢኮኖሚው ወድቆ ሥራ በጠፋበት ዘመን ያደጉ ልጆች ናቸው። ደሴቷ ላይ የነበሩት ማሪኖች ከ450 አይበልጡም ነበር፤ እነሱ በድንኳን ሲያድሩ የቲተርስ ሰዎች ግን አዲስ በተሠራ ካምፕ ጥሩ ምግብ እየበሉ ይኖሩ ነበር። ወታደር ሆኖ ሲቪል ላይ መቅናት እንግዲህ ያኔም ነበር ማለት ነው።

ቅናቱ ብዙ አልቆየም። ፐርል ሃርበር ከተመታች ከሰዓታት በኋላ የጃፓን ቦምብ ጣዮች ዌክ ላይ ደረሱ። በማግስቱ ወደ ሥራ መመለስ የለም፤ ሳይቱ ራሱ የጦር ሜዳ ሆነ። ቲተርስ ሰዎቹን ለማሪኖቹ አዛዥ አቀረበ። ምሽግ የሚቆፍሩ፣ ጥይት የሚያመላልሱ፣ መድፍ ላይ የሚቆሙ በጎ ፈቃደኞች ተገኙ። እሱ ደግሞ የሚያውቀውን ሥራ ሠራ፦ ምግብ በመኪና እያስጫነ በየምሽጉ ለተበተኑት ተዋጊዎች ማድረስ። ጦርነት ውስጥ ይህን ቀላል ነገር የሚያደርግ ሰው ሳጥን ሙሉ ሜዳሊያ ይገባዋል ባይ ነኝ። በታኅሣሥ 11 የመጀመሪያው የጃፓን ወረራ ተመለሰ። በ23ኛው ቀን ግን ደሴቷ እጅ ሰጠች። ቲተርስም ከማሪኖቹ ጋር ተማረከ። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ላይ ሻንጋይ አጠገብ ከነበረው ካምፕ ከአዛዡ ከኮማንደር ከኒንግሃም ጋር ቢያመልጥም ወዲያው ተያዘ፤ እንደ ብዙዎቹ ግን በሕይወት ከጦርነቱ ወጣ።

በደሴቷ ላይ ሌላ የሲቪል ቡድንም ነበር። ፓን አሜሪካን አየር መንገድ ለሆቴሉና ለጣቢያው ያስመጣቸው 45 የጉዋም ተወላጆች፣ ቻሞሮዎች። የመጀመሪያው ድብደባ እንዳበቃ የኩባንያው በራሪ ጀልባ ነጭ ሠራተኞቹን ጭኖ ሄደ። ቻሞሮዎቹ ቀሩ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ትመለሳለች።

ጃፓኖች አብዛኛውን ምርኮኛ በመርከብ ጭነው ወሰዱ። መጨረሻ ላይ ለጉልበት ሥራ 98 የቲተርስ ሠራተኞችን ደሴቷ ላይ አስቀሩ። በጥቅምት 1943 መጀመሪያ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ዌክን ሲደበድቡ የጃፓኑ አዛዥ ሪር አድሚራል ሳካይባራ «ወረራ መጣ» ብሎ ፈራ። በጥቅምት 7 እነዚያ 98 ሰዎች ዓይናቸው ታስሮ ባሕሩ ዳር በመትረየስ ተረሸኑ። አንዱ አመለጠ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ተይዞ ከመገደሉ በፊት ግን አንድ ድንጋይ ላይ ቁጥር ቀረጸ፦ 98፣ የአሜሪካ የጦር ምርኮኞች፣ 5-10-43። ድንጋዩ አሁንም እዚያው አለ። ሳካይባራ በ1947 ጉዋም ላይ ተሰቀለ።

ያ ሰው ራሱን «የጦር ምርኮኛ» ብሎ መጻፉን ልብ በሉ። የገዛ አገሩ እንኳ ያን ስም ለመስጠት ዓመታት ፈጅቶባታል። ችግሩ የሕግ ነው። ሲቪል ሆኖ መሣሪያ ያነሳ ሰው በጦር ሕግ ሽምቅ ተዋጊ ተብሎ ሊረሸን ይችላል፤ መሣሪያ ካላነሳ ደግሞ ቆሞ ይደበደባል። የባሕር ኃይሉ የግንባታ አለቃ አድሚራል ሞሪል ይህን ያየው ወዲያው ነው። ዌክ በወደቀች በሳምንት ውስጥ ግንበኞቹ ራሳቸው ወታደር ይሁኑ ብሎ ጠየቀ፤ «ሲቢስ» የሚባሉት፣ በአንድ እጅ መዶሻ በሌላው ጠመንጃ የያዙት ሻለቆች እንዲህ ተወለዱ። ኮንግረስም ከጦርነቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 1941፣ ውጭ አገር በጦር ሰፈር የሚሠሩ የኮንትራክተር ሠራተኞች የጉዳት ኢንሹራንስ እንዲገባላቸው የሚያስገድድ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ በ1942 መጨረሻ ላይ ተማርኮ መቆየትን ጭምር የሚሸፍን ሌላ ሕግ ታከለበት። በዌክ የተዋጉት ሲቪሎች «የጦር አርበኛ» የሚል እውቅና ያገኙት ግን በ1981 ነው። አርባ ዓመት! ስንቱ ሞቶ አልቆ ይሆን?

ሲቢሶቹ ነገሩን የፈቱት ይመስላል፤ አይደለም። ወታደር ውድ ነው፣ ሲቀጠር ፖለቲካ አለው፣ ሲሞት ዜና ይሆናል። ኮንትራት ግን ወረቀት ነው። ስለዚህ በ1960ዎቹ ቬትናም ላይ ኩባንያዎቹ ተመለሱ፤ አራት ኩባንያዎች ተጣምረው ወደቡንም ማረፊያውንም ካምፑንም ገነቡት። አንዱ ማን መሰላችሁ? ያው የዌኩ ሞሪሰን ክኑድሰን። ሌላው ብራውን ኤንድ ሩት የሚባል የቴክሳስ ኩባንያ ነው። በ1966 ከ50,000 በላይ ሰው ያሠሩ ነበር፤ አብዛኛው ቬትናማዊ።

በዚያው ዘመን እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ግቢ ነበር። አስመራ ላይ የነበረውን የጣሊያን ባሕር ኃይል የሬዲዮ ጣቢያ አሜሪካኖች በ1943 ተረከቡት፤ በ1953 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር የ25 ዓመት ውል ተፈራረሙና ቦታው ኮሪያ በዘመተው ሻለቃ ስም «ቃኘው» ተባለ። ቦውሊንግ መጫወቻ፣ የራሱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ ክበብ፣ ምን ያልነበረው ነገር አለ? ያን ሁሉ ያበስሉ፣ ያጥቡ፣ ይነዱ፣ ይጠግኑ ከነበሩት እጆች ብዙዎቹ የአገሬው ሰው እጆች ናቸው። በ1970ዎቹ የአሜሪካ ጦር ቁጥሩን ሲቀንስ የሥራው ክፍል ወደ ሲቪል ኮንትራክተር ሠራተኞች ዞረ። አደጋውም አብሮ ዞረ፤ በ1975 በጣቢያው የሚሠሩ አሜሪካውያን ሲቪሎች በኤርትራ ታጣቂዎች ታግተው የተለቀቁት በ1976 ነው። በሚያዝያ 1977 ደርግ አሜሪካኖቹን በቀናት ውስጥ ውጡ ሲላቸው ወጡ። ስለ ቃኘው በአሜሪካ በኩል የተጻፈውን ያነበበ ሰው ስለ አንቴናውና ስለ ስለላው ብዙ ያገኛል። ስለ ወጥ ቤቱና ስለ ጋራዡ ሰዎች ግን? እነሱን ማግኘት የሚቻለው ከአስመራ የመጡ አባቶችና እናቶች ጨዋታ ውስጥ ነው።

ነገሩ ወደ ቋሚ ሥርዓት የተለወጠው በ1985 ነው። የአሜሪካ ምድር ጦር አንድ መመሪያ አወጣ፤ ጦርነት ሲመጣ ኩባንያ ከመፈለግ አስቀድሞ ተዋውሎ መጠበቅ የሚል። በ1992 የመጀመሪያውን ትልቅ ውል ብራውን ኤንድ ሩት ወሰደ። የመጀመሪያው ትልቅ ፈተናስ የት ነበር? እዚሁ ጎረቤት፣ ሶማሊያ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ። ከዚያ ባልካን፣ ከዚያ አፍጋኒስታን፣ ከዚያ ኢራቅ። የኮንግረስ የበጀት ቢሮ ባወጣው ግምት በ2008 መጀመሪያ በኢራቅና አካባቢዋ ለአሜሪካ መንግሥት የሚሠሩ የኮንትራክተር ሰዎች 190,000 ያህል ነበሩ፤ ማለትም ለእያንዳንዱ ወታደር አንድ ሲቪል። ከነዚህ አሜሪካዊው ከአምስት አንዱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የካምፑ ሲቪል አለቃ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ጥሩ ነው፤ እኔን በጣም የገረመኝ ይህ ነው። ካምፑ ውስጥ ያለው ኮሎኔል እሱን ማዘዝ አይችልም! «እዚህ ተጨማሪ መታጠቢያ ሥራልኝ» ቢለው ሰውየው ውሉን አውጥቶ ያያል። ውሉ ላይ ከሌለ፣ ትእዛዙ የኮንትራት ኃላፊ በሚባለው የመንግሥት ሰው በኩል በጽሑፍ መምጣት አለበት። ኮሎኔሉ ተኩስ ማዘዝ ይችላል፤ አምፖል ማስቀየር ግን ወረቀት ይጠይቃል። ይሄ ሲያስቅ ይችላል፤ ሁልጊዜ ግን አያስቅም። በጥር 2008 ባግዳድ ውስጥ አንድ የአሜሪካ ሳጅን ገላውን ሲታጠብ ኤሌክትሪክ ይዞት ሞተ። ጣሪያው ላይ ያለው የውሃ ፓምፕ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ በአግባቡ አልተያያዘም ነበር። ጥገናው በኮንትራክተር እጅ ነበር። እናም ጥያቄው ውሉ ላይ ወደቀ፦ ያ ፓምፕ የማን ነው? እናቱ ለኮንግረስ ምስክርነት እስከ መስጠት ሄደች።

ባግራምንም አስታውሱ። በሐምሌ 2021 መጀመሪያ አሜሪካኖች አፍጋኒስታን ውስጥ ከነበራቸው ትልቁ ሰፈር በሌሊት ወጡ። ለአሶሼትድ ፕሬስ የተናገሩ የአፍጋን ወታደሮች እንዳሉት መብራቱ ጠፋ፣ ግቢው ጨለመ፣ ዘራፊዎችም ጨለማውን እንደ ምልክት ቆጥረው ገቡ። አዲሱ የአፍጋን አዛዥ መሄዳቸውን ያወቀው ከሰዓታት በኋላ ነው። ኮንትራክተሮቹም አብረው ስለወጡ የአፍጋን አየር ኃይል አውሮፕላኖቹን የሚጠግንለት አጣ።

አሁን ያቺን የቻሞሮዎቹን ነገር እናንሳት። በነሐሴ 2004 12 ኔፓላውያን ኢራቅ ውስጥ ታግተው ተገደሉ። ዮርዳኖስ ውስጥ ሥራ ታገኛላችሁ ተብለው ነበር ከአገራቸው የወጡት። የሚወሰዱት ግን ኢራቅ ውስጥ ወዳለ የአሜሪካ አየር ሰፈር ነበር፤ ሰፈሩን ለሚያስተዳድረው ኮንትራክተር የሚሠራ ንዑስ ኮንትራክተር ነው የቀጠራቸው። ዜናው ካትማንዱ ሲደርስ ከተማዋ በረብሻ ተናጠች። (የኛ ልጆች በደላላ ወደ አረብ አገር የሚሄዱበትን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ታሪክ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።) በ2008 አንድ የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ዳኛ ለቤተሰቦቻቸው ካሳ እንዲከፈል ወሰነ፤ የወሰነውም በዚያው በ1941 ሕግ ነው።

ቤተሰቦቹ ካሳውን ያገኙት ጠበቃ ስለደረሰላቸው ነው። የወታደሩን ሞት መከላከያ ሚኒስቴሩ በስም፣ በዕድሜ፣ በትውልድ ከተማ ያወጣዋል። ለካምፑ ሲቪሎች እንዲህ ያለ ዝርዝር የለም። ያለው የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር የሚያወጣው የኢንሹራንስ ጥያቄዎች ሰንጠረዥ ነው፤ በአገርና በኩባንያ የተደረደረ፣ ስም የሌለው ቁጥር። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሰንጠረዡ ትክክለኛ የሟቾች ቆጠራ ተደርጎ እንዳይወሰድ ያሳስባል፤ የሚቆጠረው የቀረበው ጥያቄ ነውና። አንድ ሩቅ መንደር ያለች እናት ልጇ ይሠራበት የነበረውን ካምፕ ስም እንኳ ካላወቀች፣ ፎርሙንም ካልሞላች፣ ልጇ እዚያ ሰንጠረዥ ላይ የለም።