ሕፃናት በሰላም ፊት

ታሪክ ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ከምድርም ተቆፍሮ ይወጣል። ይህን በሚገባ ያስተዋልነው፥ እኛ የበላይ ክፍል ተማሪዎች የአንደኛ ክፍል ሕፃናትን ይዘን በአዲስ አበባ የሚገኘውን ብሔራዊ ሙዚየም በጐበኘን ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ የድንቅነሽን አምሳል ተመለከትን። ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘች ስትሆን፥ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ አንዱ ሕፃን ራሱን ከእርሷ ጋር ለካና «ትልቅ ሰው አልነበረችም እንዴ?» ሲል ጠየቀ። የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሷ በቅሎ በመገኘቱ ለአካለ መጠን መድረሷ እንደ ታወቀ አስረዳነው።

ቀጥሎ ወደ ሰላም አለፍን። እርሷን በ1993 ዓ.ም. ከአዋሽ ማዶ በዲኪካ ያገኛት የዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ነው። ሕፃናቱ «የድንቅነሽ ልጅ ናት» አሉ፤ በዘመን ግን ሰላም በ100,000 ዓመት ያህል ትቀድማለች። አጥንቷ በጠንካራ የአሸዋ ድንጋይ ተይዞ ስለ ነበረ፥ ዶክተሩ ቅንጣት በቅንጣት እየፈለፈሉ ለማውጣት ከ5 ዓመት በላይ ደክመዋል።

ስትሞት ዕድሜዋ 2 ዓመት ተኩል ያህል እንደ ነበረ በነገርናቸው ጊዜ ጫጫታው ሁሉ ጸጥ አለ። አንዲት ልጅም «እናቷ አልቅሳ ይሆን?» አለች።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አጥንት የለም። ነገር ግን እኛ ዓመታትን ስንቈጥር የዘነጋነውን እርሷ አሰበችው። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ታናናሾቻችሁን ወደ ሙዚየም ውሰዱ፤ እኛ ልናስተምር ሄደን ተምረን ተመልሰናልና።